በቀዬ መጦር

በቀዬ መጦር፦ ሰው ሲሸመግል ከለመደው ሰፈር፣ ከጎረቤቱና ከእንስሳቱ ሳይለይ፣ አቅሙ በሚችለው ቤት እስከ መጨረሻው መኖር መቻሉ። በእንግሊዝኛ «ኤጂንግ ኢን ፕሌስ» ለሚባለው የቀረበ አቻ።

እንግሊዝኛው አነጋገር የተለመደው በአሜሪካና በአውሮፓ አረጋውያንን ወደ መጦሪያ ተቋም መላክ ጥያቄ ሲነሳበት ነው። ሐሳቡ እርዳታው አረጋዊው ካለበት ይምጣለት የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ለአረጋውያን ምቹ ስለሆኑ ከተሞች ያወጣው መመሪያም ቤትን ለብቻው ነጥሎ አያየውም፤ ከመጓጓዣ፣ ከጤና አገልግሎትና ከማኅበራዊ ኑሮ ጋር አያይዞ ያነሳዋል።

እኛ አገር ይህን የሚሰማ ሰው «ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው?» ማለቱ አይቀርም። ገበሬው ድሮም የሚያረጀው በቀዬው፣ በልጆቹ እጅ ነው። ነገሩ አዲስ የሚሆነው ለደመወዝተኛው ነው። መምህሩ፣ ነርሱ፣ የወረዳ ጸሐፊው ዕድሜውን ሙሉ በዝውውር ከወረዳ ወረዳ ሲዞር በኪራይ ቤት ይኖርና 60 ዓመት ሲሞላው የጡረታ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ደብዳቤው ስለ አበሉ ይናገራል፤ የት እንደሚኖር ግን የራሱ ጉዳይ ነው።

ለምን «ቀዬ»? ለምን «መጦር»?

«በቦታ ማርጀት» ቢባል ቃል በቃል ይሄዳል፤ ሲሰሙት ግን እድገት ተከልክሎ አንድ ወንበር ላይ የቀረ ሠራተኛን ያስታውሳል። «በቤት መጦር» ደግሞ ይጠባል፤ ሰውየውን አራት ግድግዳ ውስጥ ይዘጋበታል። ቀዬ ቤቱንም ደጁንም፣ በረቱንም ጎረቤቱንም ያቅፋል። መጦር ከጡረታ ጋር አንድ ሥር ነው፤ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለን የምንመርቀውም በእሱ ነው። ጧሪ የግድ ልጅ መሆን የለበትም፤ በአበሉ የሚተዳደር ሰው «ራሴን እጦራለሁ» ይላል።

ቀዬ ሲባል የትውልድ መንደር ብቻ እንዳይመስለን። ለ30 ዓመት ከወጣበት መንደር «አገሬ ገብቼ ልረፍ» ብሎ የሚመለስ ጡረተኛ እኩዮቹ አልፈው፣ መሬቱ ለሌላ ተከፋፍሎ ሊያገኘው ይችላል። የእሱ ቀዬ የታወቀበት፣ የተዛመደበትና እድር የገባበት ቦታ ነው።

የአዘናው ሒሳብ

አዘና በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የአየሁ ጓጉሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በቻግኒና በቲሊሊ አስተምረው የመጨረሻዎቹን ዓመታት አዘና ያሳለፉ አንድ መምህር እናስብ። አገልግሎታቸው 30 ዓመት፣ ዕድሜያቸው 60፣ ቤታቸው ኪራይ ነው።

በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ 10 ዓመት ላገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የመምህራችን 30 ዓመት 55 በመቶ ያስገኛል። አማካይ ደመወዛቸው 10,000 ብር ከነበረ አበላቸው 5,500 ብር ይሆናል ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ለቤት ስንት ይውጣ? በአሜሪካ በመንግሥት ድጎማ የሚከራዩ ቤቶች ኪራይ ከተከራዩ ገቢ 25 በመቶ እንዳይበልጥ እ.ኤ.አ. በ1969 ተደነገገ፤ በ1981 ወደ 30 በመቶ ከፍ አለ። «አቅምን ያገናዘበ ቤት» ሲባል ዛሬ በብዙ አገር የሚጠቀሰው መለኪያ ይህ 30 በመቶ ነው። በዚህ ስሌት መምህሩ ለኪራይ የሚያወጡት 1,650 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ አዲስ አበባ ክፍል ማግኘት ዘበት ነው። እንደ አዘና ባለ ትንሽ ከተማ ግን በጭቃ የተመረገች ባለ ቆርቆሮ ቤት መፈለግ ያስኬዳል። የሚከብደው ነገር የሚመጣው ቤቷ ከተገኘች በኋላ ነው።

ከነፈረሱ

«መምህር፣ እርስዎማ ቢገቡልኝ ደስ ይለኛል» ይላሉ አከራይዋ በሩን ከፍተው እያሳዩ። «ውሻው ነው ያሳሰበኝ። እዚያኛው ክፍል ያለችው ተከራይ ሕፃን ልጅ አላት።»

«ይታሰራል እትዬ። ተከትቧል፤ ወረቀቱም አለኝ።»

«ዶሮዎቹስ?»

«ዶሮዎቹን እሸጣለሁ።»

«ፈረሱስ?»

«እሱን አልሸጥም።»

በሌላ አገር ስለ ጡረተኛና ስለ ቤት እንስሳ ሲወራ የሚነሱት ውሻና ድመት ናቸው። አዊ ውስጥ ግን ፈረስ ይጨመራል። የሰባት ቤት አገው የፈረስ ማኅበር በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ ይነገራል፤ አዘና ከሰባቱ ቤቶች የአንዱ ስም ነው። ማኅበሩ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር በዓድዋ የዘመቱ ፈረሶችም ይታሰባሉ። ጋጣ በሌለው ግቢ ምክንያት ፈረሱን የሸጠ ሰው በዚያ ቀን ከተመልካቹ መሐል ይቆማል። ስለዚህ አከራይና ተከራይ ስለ ፈረሱ ሲነጋገሩ ከጋጣ ኪራይ ያለፈ ነገር እየተነጋገሩ ነው።

የአከራይዋ ስጋትም ከንቱ አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 መሠረት እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ተጠያቂ ነው፤ እንስሳው በድንገት አምልጦ ያደረሰው ቢሆንም እንኳ። የእብድ ውሻ በሽታም አገራችን ውስጥ ሰው የሚገድል በሽታ ነው። ስለዚህ የክትባት ወረቀት፣ የሚታሰርበት ቦታና «ጉዳት ቢያደርስ እኔ እከፍላለሁ» የሚል መስመር በውሉ ላይ መስፈሩ ሁለቱንም ወገን ያስታርቃል።

አሜሪካኖች ይህን በሕግ ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ ሕግ በፌዴራል መንግሥት ድጋፍ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች በተሠሩ የኪራይ ቤቶች የተለመዱ የቤት እንስሳትን መከልከል አይቻልም ይላል። አከራዩ ቁጥራቸውን፣ መጠናቸውንና የመያዣ ገንዘቡን በአግባቡ ሊወስን ይችላል። ፈረስን ግን ያ ሕግም አያውቀውም። ከዚህ ድጎማ ውጭ ያለው አከራይ በሩን ሊዘጋ ስለሚችል ኪራዩ የከበደው ወይም ውሻው የተከለከለበት ጡረተኛ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

ተጓዥ ቤት

ያ መንገድ «አርቪ» ይባላል፤ አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለው፣ የሚነዳ ወይም በመኪና የሚጎተት መኖሪያ ነው። አማርኛው «የቤት መኪና» እንዳይባል ቃሉ ለግል አውቶሞቢል ተይዟል፤ «ተጓዥ ቤት» ይሻላል። ቤታቸው እንዲህ እየሄደ የሚያረጁ አሜሪካውያንን ጄሲካ ብሩደር እ.ኤ.አ. በ2017 «ኖማድላንድ» በሚል መጽሐፍ አሳይታቸዋለች፤ ከመጽሐፉ የተሠራው ፊልም በ2021 የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ወስዷል።

በተጓዥ ቤት ውሻን ማን ይከለክላል? ባለቤቱ ራሱ አከራይ ነውና። በአሪዞና በረሃ ኳርትዝሳይት አጠገብ ባለው የፌዴራል መሬት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ለመቆም የሚጠየቀው ለዓመታት 180 ዶላር ነበር። ይሁን እንጂ ነዳጁ፣ ኢንሹራንሱና ጥገናው አለ፤ ዋጋውም እንደ መኪና በየዓመቱ ይወርዳል። በየከተማው ያሉ የግል ማቆሚያዎችም የራሳቸው በር ጠባቂ አላቸው፤ አንዳንዶቹ ከ10 ዓመት በላይ ያገለገለ ተጓዥ ቤት፣ አንዳንዶቹም የተወሰኑ የውሻ ዝርያዎችን አያስገቡም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን አድራሻ ማጣቱ ነው። መንጃ ፈቃድ፣ ሐኪም፣ የምርጫ ካርድ ሁሉ አድራሻ ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 የተቋቋመው «ኢስኬፒስ» የተባለ የተጓዥ ቤት ነዋሪዎች ማኅበር ቴክሳስ ውስጥ በምትገኘው ሊቪንግስተን ደብዳቤ እየተቀበለ ለአባላቱ የሚያስተላልፍ ጽሕፈት ቤት አለው። መንዳት ያቃታቸው ደግሞ እዚያው ከተጓዥ ቤታቸው ሳይወጡ ምግብና የቀን እንክብካቤ የሚያገኙበት ማዕከል ተከፍቷል። ከኪራይ ሸሽቶ በጎማ ላይ የወጣው ሰው ሲያረጅ ጎረቤት ፈልጎ ቆመ ማለት ነው። ቤትንና እንስሳን ይዞ መጓዝን ከእነሱ በፊት የሚያውቁት የእኛ የሶማሌ አርብቶ አደሮችም ቢሆኑ «አቃል» የሚባለውን ተነቃይ ቤታቸውን ነቅለው በግመል ሲጭኑ ለብቻቸው አይሄዱም፤ ዘመዱ አብሮ ይነቀላል።

አበሉ ይከተላል፣ እድሩ አይከተልም

በቀዬ መጦር ዋጋ ያለው ለዚህ ነው። የጡረታ አበል በባንክ ስለሚገባ አዘና ያለ ጡረተኛ ነገ ባሕር ዳር ቢሄድ ገንዘቡ እዚያው ይደርሰዋል። እድሩ ግን አይከተለውም፤ ለዓመታት ያዋጣው አዘና ቀርቶ በአዲሱ ሰፈር እንደ አዲስ መግቢያ ይከፍላል። ሰንበቴው፣ ዱቤ የሚሰጠው ሱቅ፣ በር ሳይከፈት ሲረፍድ መጥታ የምታንኳኳ ጎረቤትም እንደዚያው ናቸው። ኪራይ ቀንሶ እነዚህን ያጣ ሰው አተረፈ ለማለት ይከብዳል።

ቃሉ የማይሸከመውንም መለየት ያስፈልጋል። በ2002 ዓ.ም. የተመሠረተው መቄዶንያ የተባለው የበጎ አድራጎት ማዕከል ጧሪ ያጡ አረጋውያንን ማንሳቱ ትልቅ ሥራ ነው፤ በቀዬ መጦር ግን ወደዚያ ከመድረስ በፊት ያለው ነገር ነው። በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ብቻውን የቀረ አዛውንትም በቀዬው ተጦረ አይባልም። ልጁ ዘንድ ከተማ ገብቶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ደረጃ ፈርቶ የሚውለው አባትም ምግብና አልጋ ሞልቶለት በቀዬው አይደለም።

ምን ይደረግ ለሚል፦ ቤት የሚታሰበው በ59 ዓመት አይደለም። በአማራ ክልል ከተሞች ደመወዝተኛው የቤት መሥሪያ ቦታ የሚያገኝበት አንዱ መንገድ በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር መደራጀት ነው፤ ሥራ ላይ እያለ ያልተደራጀ ሰው በአበሉ ጨረታ አያሸንፍም። በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ወደ ቀበሌ ገብተው ለብዙ አረጋውያን መጠለያ ሆነዋል፤ ዛሬ ግን እነሱን መጠበቅ ተስፋ አይሆንም። ለተከራይ ጡረተኛ የተሻለው መጠጊያ ውል ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዛል። አዋጁ ገና ባልተዘረጋበት ትንሽ ከተማም ቢሆን ሁለት ሰዎች በዚሁ መልክ ከመዋዋል የሚያግዳቸው የለም። የመምህራችን ውል ላይ ውሻው በስሙ ቢሰፍር፣ ፈረሱም ጓሮ ባለው ጎረቤት ጋጣ በወር ክፍያ ቢያድር ነገሩ ያልቃል።

በዓረፍተ ነገር ሲገባ

«ልጄ ባሕር ዳር ና ይለኛል፤ እኔ ግን በቀዬ መጦርን መርጫለሁ።»

«ማኅበሩ ቦታ ሲጠይቅ የበረትና የጓሮ ነገር ይነሳ፤ በቀዬ ለመጦር ነው የተደራጀነው።»

«ኪራዩስ ርካሽ ነበር፤ በቀዬ ለመጦር ግን አይሆንም፤ እንስሳ አያስገቡም።»