የዓሣ ዘይትና የዓይን ብርሃን፦ ከባልቲሞር እስከ ቤተስዳ

በአስፐን ሂል ፋርማሲዎች የዓሣ ዘይት እንክብል ከመደርደሪያ አይጠፋም። ለአረጋውያን ወላጆቻችን የምንገዛውም ሆነ በሻንጣ ወደ አገር ቤት የምንልከው ብዙ ጊዜ «ለዓይን ይበጃል» በሚል እምነት ነው። እምነቱ ከባዶ አልተነሣም። ባለ ሁለት ምዕራፍ ታሪክ አለው፤ ሁለቱም ምዕራፎች የተጻፉት እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው የባልቲሞር ምዕራፍ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች ለዳፍንት የኮድ ዓሣ የጉበት ዘይት ይሰጡ ነበር፤ ፈዋሹ ምን እንደሆነ ግን አያውቁም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ኤልመር ማኮለምና ባልደረቦቹ ዘይቱን እያሞቁ አየር አሳለፉበት። ዘይቱ የአይጦችን የዓይን ሕመም የመፈወስ ኃይሉን አጣ፤ የአጥንት መለስለስን የመፈወስ ኃይሉ ግን አልጠፋም። በአንድ ዘይት ውስጥ ሁለት ነገሮች እንደነበሩ በዚህ ታወቀ፤ ዓይንን የሚጠብቀው ቫይታሚን ኤ እና በኋላ ቫይታሚን ዲ የተባለው። ፈውሱ የመጣው የጎደለው ስለተሞላ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ አስፐን ሂል በሚገኝበት ካውንቲ፣ ቤተስዳ ውስጥ ተጻፈ። ከዕድሜ ጋር የሚመጣው የማኩላ መድከም ፊት ለፊት የምናይበትን የሬቲና ማዕከል የሚጎዳ በሽታ እንጂ እንደ ዳፍንት የአንድ ቫይታሚን እጥረት አይደለም። ሆኖም ከኦሜጋ 3 ቅባቶች አንዱ በሬቲና ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ ዓሣ አዘውትረው የሚመገቡ ሰዎችም በበሽታው እምብዛም እንደማይጠቁ በርካታ ጥናቶች ታዝበው ነበር። ነገር ግን ዓሣ የሚያዘወትር ሰው በገቢውም፣ በአኗኗሩም፣ ሲጋራ ባለማጨሱም ከሌላው ሊለይ ይችላል። አብሮ መታየት ምክንያት መሆን አይደለም።

ስለዚህ ብሔራዊ የዓይን ኢንስቲትዩት ጉዳዩን በዕጣ በተመደቡ ሰዎች ላይ ፈተነው። ከ4,200 የሚበልጡ፣ ከ50 እስከ 85 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሰዎች ለአምስት ዓመት ያህል ተከታተሉ። ውጤቱ በ2013 ታተመ፦ በ2001 ፍቱንነቱ በታወቀው የቫይታሚንና የዚንክ ቀመር ላይ ኦሜጋ 3 መጨመሩ በሽታው ወደ ከባድ ደረጃ እንዳይሸጋገር የፈየደው ነገር አልነበረም።

ለኢኮኖሚስት የዚህ ታሪክ ዋና ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። በ1994 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት የምግብ ማሟያ ሻጭ ምርቱን ገበያ ከማውጣቱ በፊት ፍቱንነቱን እንዲያረጋግጥ አይገደድም። «አይሠራም» የሚል መልስ ሊያስከትል ለሚችል ፈተና ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት የለውም። እንዲህ ያለው መልስ የሁሉም ሀብት ነውና ወጪውን የሸፈነው የሕዝብ ግምጃ ቤት ነው።

መልሱ እኛንም ይመለከታል። በ2006 ይፋ በሆነው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ጥናት መሠረት ከዓይነ ስውርነት መንሥኤዎች ግማሽ ያህሉን የያዘው የዓይን ሞራ ነው፤ እርሱም በአጭር ቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ለእንክብል የምናወጣው ገንዘብ እውነተኛ ዋጋ የሚለካው በዚሁ ገንዘብ ሊደረግ ይችል በነበረው ምርመራና ቀዶ ሕክምና ነው። ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ብርሃን የምንጨነቅ ከሆነ፣ ከእንክብሉ በፊት የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይቅደም።