የመቅደላ እሳትና የጫካ እሳት

የአገራችን የታሪክ መጻሕፍት ስለ እሳት ሲነግሩን፥ አብዛኛውን ጊዜ የሚነግሩን ስለ ጦርነት እሳት ነው። የአምባ መቅደላን ነገር እንመልከት። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፥ በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መጻሕፍቱንና ንዋየ ቅድሳቱን ዘርፎ፥ ሚያዝያ 10 ቀን አምባውን በእሳት አጋየው። የዚያ እሳት ቀኑም ለኳሹም ይታወቃል።

ከመቅደላ በስተ ደቡብ ምዕራብ፥ በመካነ ሰላም አቅራቢያ የሚገኘው ደንቆሮ ጫካ ግን ቢነድ፥ ዜና መዋዕል የዛፍን ቃጠሎ አይቈጥርም። ይህ ጫካ ከበታቹ ጽድ፥ ወይራና ኮሶ፥ ከበላዩ አስታ፥ ጓሳና ጅብራ የለበሰ፥ የጭላዳና የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከልሏል።

አስታ ቅጠሉ ደቃቅ ስለ ሆነ በበጋ ፈጥኖ ይያያዛል። ከሥሩ እንደ ገና ማቈጥቈጡ እውነት ነው፤ ነገር ግን እሳቱ ከተደጋገመበትና ከብት ለጋውን ከጋጠው፥ ዛፍ መሆኑ ቀርቶ ቍጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። እሳቱንም ብዙ ጊዜ የሚያስነሣው ለከብቱ ለምለም ሣር የሚሻ እረኛ፥ ወይም ንብ በጢስ የሚያባርር ማር ቈራጭ ነው።

ታዲያ ባላገሩ የጫካ ጠላት ነውን? እኛ እንዲህ አንልም። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በደቡቡ ቦረና ከ100,000 ሔክታር በላይ ደን ሲቃጠል፥ ከውጭ አገር ባለሙያዎች ጋር ቅጠልና አፈር ይዞ እሳቱን የተጋፈጠው ባላገሩ፥ ወታደሩና ተማሪው ነበር። በ2011 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ሲነዱም፥ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፥ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው ቢረዱም፥ ገደሉን በእግሩ የወጣው ያው የአገሬው ሰው ነው።

በመንዝ ያለው የጓሳ ምድር ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት፥ ሹም እየመረጠ፥ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ በስምምነት ይከፍተው ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት ሲያፈርሰው፥ ሣሩም ተጎዳ። ኋላም ባላገሩ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን እንደ ገና አቆመ። እንግዲህ ጫካውን ያኖረው፥ ሕዝቡ «የእኔ ነው» ብሎ ማመኑ ነበር።

ስለዚህ እሳትን መከላከል ማለት ዘበኛ ማቆም ብቻ አይደለም። ከበጋው አስቀድሞ የእሳት መከላከያ መንገድ መጥረግ፥ እረኛውንና ማር ቈራጩን ማስተማር፥ ዘመናዊ ቀፎ ማደል ይገባል። ከቃጠሎውም በኋላ የተቃጠለውን ዛፍ ብቻ ሳይሆን፥ ቀፎው የነደደበትን፥ የቤት ክዳን ሣሩን ያጣውን፥ ከብቱ የሚግጠው የጠፋበትን ሰው መቍጠርና ለከብቱ መኖ፥ ለማሳው ዘር መስጠት ያስፈልጋል። እሳት ሲነሣ «ድረስልን» ተብሎ የሚጠራ፥ እሳት ሲጠፋ ግን የሚረሳ ሰው፥ ለሁለተኛው ጥሪ እግሩ ይከብደዋል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የመቅደላን እሳት አባቶቻችን ሊከለክሉት አልቻሉም፤ የደንቆሮን እሳት ግን እኛ ልንከለክለው እንችላለን።