የወርቅ ከተማ የሱፍ ክር

ጆሃንስበርግ ሐምሌ ሲገባ ሣሩ እንደ ጤፍ ጭድ ይገረጣል። መሬቱ አመዳይ ለብሶ ያድራል፤ ሰማዩ ግን ደመና የለበትም። ከአገር ቤት የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ሐምሌ ብርድ እንደሆነ ያውቃል፤ ዝናብ የሌለው ክረምት ግን ክረምት አይመስለውም። እዚህ ዝናቡ የሚጥለው ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ ከሙቀቱ ጋር ነው። በዚህ ደረቅ ብርድ መሐል፣ የኔልሰን ማንዴላ ልደት በሚውልበት ሐምሌ 11 ገደማ፣ መንገድ ዳር የቆሙ ዛፎች ግንዳቸው ላይ የአንገት ልብስ ታስሮ ይታያል። ጠጋ ብሎ ላየው የእጅ ሥራ ነው፤ ጠርዙ ጋ ክሩ ሾልኮ ቀዳዳ ትቷል። ትንሽ ወረቀት ተንጠልጥላበታለች፤ መልእክቷም የጠፋ ዕቃ አይደለም፣ የበረደው ይውሰደው ነው።

ከክሩ በፊት ስለ ከተማዋና ስለ ዛፎቿ ትንሽ ላውራ። ጆሃንስበርግና አዲስ አበባ እኩዮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1886 ላንግላግቴ በሚባል እርሻ ላይ ወርቅ ተገኘና ጆሃንስበርግ ተቆረቆረች፤ በዚያው ዓመት የእቴጌ ጣይቱ መንደር አዲስ አበባ ተባለች። ሁለቱም ደጋ ላይ ናቸው፤ ሁለቱም እንጨት ቸግሯቸው የአውስትራሊያን ባሕር ዛፍ ተክለዋል። የእኛው ለማገዶና ለቤት፣ የእነርሱ ለማዕድን ጉድጓድ ድጋፍ ነበር። ባለወርቆቹ ከጉድጓዱ አቧራ ሸሽተው ወደ ሰሜን ሲወጡ ደግሞ ጽጌረዳና ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ጃካራንዳ ተከሉ። ዛሬም በጥቅምት ፓርክታውንና ኬንሲንግተን ሐምራዊ ይሆናሉ፤ የረገፈው አበባ በመኪና ጎማ ሥር ጧ ጧ ይላል። ባሕር ዳር ያደገ ሰው እዚህ ሲደርስ አገሩ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም።

አትክልቱን የሚኮተኩተው ጥቁር ነበር፤ አበባው አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ነጭ። ይህን ሳያነሱ ስለዚህች ከተማ የአበባ ቦታ ማውራት አይቻልም።

ክሩም የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1902 በተካሄደው የእንግሊዞችና የቦሮች ጦርነት እንግሊዞቹ የቦር ሴቶችንና ሕፃናትን በየካምፑ አጎሩ፤ ከ26 ሺህ በላይ የሚሆኑት እዚያው አለቁ። ጉዱን ለዓለም ያወጣችው እንግሊዛዊቷ ኤሚሊ ሆብሃውስ ነበረች። በ1905 ተመልሳ መጥታ፣ ቤታቸው ለተቃጠለባቸው ልጃገረዶች የፈትልና የሽመና ትምህርት ቤት ከፈተች፤ አንዱን ፊሊፖሊስ፣ ቀጥላም ሌላውን ወርቁ በተገኘበት በላንግላግቴ። በዚያው ዘመን የአንድ የማዕድን ባለጸጋ ሚስት ፍሎረንስ ፊሊፕስ የሰበሰበችውን ዳንቴል ለጆሃንስበርግ የሥነ ጥበብ ማዕከል ሰጠች። ዳንቴሉ ዕፁብ ድንቅ ነው ይባላል። ለእኔ ግን የላንግላግቴዎቹ ልጆች ፈትል ይበልጣል፤ እንጀራ ነበራ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ክሩ እኛ ጋ ተሻገረ። የደቡብ አፍሪካው ጠቅላይ ሚኒስትር የስመትስ ባለቤት፣ ሕዝቡ "አያት" ብሎ የሚጠራት ኢሲ ስመትስ፣ ለወታደሮች ስጦታ የሚልከውን ማኅበር ትመራ ነበር፤ የአገሪቱ ሴቶች ካልሲና የአንገት ልብስ እየሠሩ ይሰጡ ነበር። የደቡብ አፍሪካ ጦር መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ቀጥሎም ደሴን አልፎ አምባላጌ ላይ ተዋጋ። የአምባላጌን ሌሊት የሚያውቅ ሰው የሱፍ ካልሲ ምን ያህል እንደሚያወጣ አይጠፋውም።

ማንዴላም በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ፣ ኮልፌ መጥቶ የውትድርና ትምህርት ቀስሟል። ከዓመታት በኋላ ፖልስሙር በሚባለው እስር ቤት ጣሪያ ላይ ለሁለት በተሰነጠቁ 16 የዘይት በርሜሎች ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ጎመን አልምቷል። ከምርቱም ለወህኒ ጠባቂዎቹ ይሰጥ ነበር።

እርሱ ካረፈ ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013፣ የቀድሞ ጸሐፊው ዜልዳ ላ ግራንዥ ካሮሊን ስታይን የምትባለውን ጆሃንስበርጋዊት፣ ለቀጣዩ የማንዴላ ቀን 67 ብርድ ልብስ ሥሪ አለቻት። 67 ማንዴላ ለሕዝብ ያገለገለባቸው ዓመታት ቁጥር ነው። ሴትዮዋ ብቻዋን እንደማትዘልቀው ሲገባት ሰው ጠራች። ጡረተኛው፣ ተማሪው፣ እስረኛው ሁሉ ክር ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 ፕሪቶሪያ በሚገኘው ዩኒየን ሕንጻ ሣር ላይ ሥራቸው ሲነጠፍ ከ3 ሺህ ካሬ ሜትር በላይ ሸፈነ፤ ከዚያም ለችግረኞች ታደለ። እዚያው ሕንጻ ፊት ለፊት እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1956 ሃያ ሺህ የሚሆኑ ሴቶች ጥቁሮች እንዲይዙት የሚገደዱትን የይለፍ ወረቀት ተቃውመው ቆመው ነበር። ከመሪዎቹ አንዷ ሊሊያን ንጎዪ ነበረች፤ ኋላ መንግሥት እንቅስቃሴዋን ሲከለክላት ኦርላንዶ በሚገኘው ትንሽ ቤቷ ልብስ እየሰፋች ኖራለች።

ከመሪዎቹ ሌላዋ ራሂማ ሙሳ ናት። ስሟ ዛሬ እኛ "ጄፒ" በምንለው መንገድ ላይ ይገኛል፤ ሰዉ ግን የድሮውን መጥራቱን አልተወም። ጄፒ የሐበሻ ገበያ ነው። ብዙው ነጋዴ ከሆሳዕናና ከከምባታ የመጣ ነው፤ ስንቱ የጀመረው ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጥሎ ሎኬሽን በሚባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች በመዞር፣ በዱቤ እየሸጠ ነው። የፋብሪካ ብርድ ልብስ ነው፤ ነገር ግን በክረምቱ የሶዌቶን አያቶች ያሞቀው እርሱም ነው። ሹራብ ቤት አይሠራም፤ ይህን የማያውቅ ሠሪ የለም። ቤት የሌለው ሰው ግን ቤት እስኪያገኝ ድረስም ይበርደዋል።

በእኛ ቤት ኪሮሽ የሶፋና የቴሌቪዥን ልብስ ሆኖ ቀርቷል። እናቶቻችን የሚሠሩት ዳንቴል ላይ ያለው ትዕግሥት ግን ለአንድ ልጅ ብርድ ልብስ ይተርፋል። ጆሃንስበርግ ላይ ለሶዌቶና ለአካባቢው ወላጅ አልባ ሕፃናት ከብዙ አገር ተልከው የሚሰበሰቡ የሹራብ ቁራጮች አሉ፤ እያንዳንዱ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር፣ 35ቱ ሲገጣጠሙ አንድ ብርድ ልብስ። አንዲቷ ቁራጭ የሁለት ከሰዓት በኋላ ሥራ ናት፤ ከቡና በኋላ ጓሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የሚጨርሷት።

ስለዚህ ጆሃንስበርግ ያላችሁ እናቶችና እህቶች፣ ጃካራንዳው እስኪያብብ አትጠብቁ። ክሩን በግንቦት ግዙት፤ ሐምሌ 11 ሲደርስ ያለቀ ነገር እጃችሁ ላይ ይሁን።