ፀሐይ ሞልቶ ሳለ የልጅ እግር ለምን ይጎብጣል?



ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ አቂቃ ላይ ተጠርተን ነበር። ሕፃኑ በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ መጋረጃው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተኝቷል። ከዘመዶቹ አንዷ ነርስ ናትና፣ “ፀሐይ ልታሞቁት አስባችኋል?” ብላ ጠየቀች። አያትየዋ ተቆጡ። “አርባው ሳይወጣ የምን ፀሐይ ነው! ምች ይመታዋል፤ ዓይነ ናስም አለ” አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። እኛም ዝም አልን፤ በቂ እውቀት አልነበረንማ። ቤት ገብተን ማንበብ የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። የሚከተለውን ታሪክ ያገኘነው በዚሁ ሰበብ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ነርሷ የፈራችው ሪኬትስ የሚባለውን በሽታ ነው። የሕፃኑ አጥንት በሚገባ ሳይጠነክር ይቀርና ይለሰልሳል። ልጁ መቆም ሲጀምር እግሩ ክብደቱን መሸከም አቅቶት እንደ ደጋን ይጎብጣል። ጡንቻውም ይዝላል፤ ስለዚህ መቀመጡና መሄዱ ይዘገያል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፍራንሲስ ግሊሰን በ1650 ስለዚህ በሽታ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል፤ መንስኤውን ግን አላወቀም። ከዚያ በኋላ የድንጋይ ከሰል ጭስ ሰማዩን በሸፈነባቸው የአውሮፓ የፋብሪካ ከተሞች በሽታው እጅግ ተስፋፋ። በ1890 ቴዎባልድ ፓልም የተባለ ሐኪም አንድ ነገር ልብ አለ። ጃፓን ውስጥ ሲሠራ ሪኬትስ አላጋጠመውም ማለት ይቻላል፤ እንግሊዝ ሲመለስ ግን በብዛት አገኘው። በየአገሩ ያሉ ሐኪሞችን ጠይቆ፣ የጎደለው ፀሐይ ነው ብሎ ጻፈ። ብዙም ሰሚ አላገኘም።

ነገሩ የተለወጠው ሙከራ ሲጀመር ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃበት ሰሞን ኤድዋርድ ሜላንቢ ለንደን ውስጥ ቡችሎችን ከቤት ሳያስወጣ፣ በአብዛኛው የአጃ ምግብ እየሰጠ አሳደገ። አጥንታቸው ለሰለሰ። የዓሣ ጉበት ዘይት ሲሰጣቸው ግን ዳኑ። በባሕር ዳርቻ የሚኖሩ የአውሮፓ ዓሣ አጥማጆች ይህን ዘይት ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ ሐኪሞቹ የዘነጉትን የእናቶች መድኃኒት ቡችሎች መሰከሩለት። ሜላንቢም ጉዳዩ የምግብ ነው አለ።

በዚያው ሰሞን፣ በ1919፣ በርሊን ውስጥ ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ የሕፃናት ሐኪም አራት ሪኬትስ የያዛቸውን ልጆች አልትራቫዮሌት ጨረር በሚሰጥ መብራት አከመ። በራጅ ሲያያቸው አጥንታቸው እየጠነከረ ነበር። እኛን ያስደነቀን ቀጥሎ ያየው ነው። ጨረሩን አንድ ክንድ ላይ ብቻ ሲያሳርፍ፣ ያልበራበት ክንድም አብሮ ዳነ። ብርሃኑ ቆዳ ላይ አንድ ነገር ይሠራል፣ ያም ነገር በደም ይዞራል ማለት ነው። ሱብሃነላህ! ይህ ሰው አይሁዳዊ ስለነበር ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ጀርመንን ለቅቆ ወደ ግብፅ ሄደ፤ በ1940 እስክንድርያ ውስጥ አረፈ።

አንዱ ምግብ ነው፣ ሌላው ብርሃን ነው ይላል። ማን ልክ ነው? በ1922 አሜሪካዊው ኤልመር ማኮለም የዓሣውን ዘይት እያሞቀ አየር አሳለፈበትና በውስጡ ያለውን ቫይታሚን ኤ አጠፋው። ዘይቱ ግን አሁንም ሪኬትስን ያድን ነበር። ሌላ ነገር አለ ማለት ነው፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ ተይዘው ስለነበር ቫይታሚን ዲ ተባለ። ሃሪየት ቺክ ደግሞ ጦርነቱ ባደኸያት ቪየና፣ ሆስፒታል በተኙ ሕፃናት ላይ ዘይቱም ፀሐዩም እንደሚሠሩ አሳየች። እንቆቅልሹን የፈታው የዊስኮንሲኑ ሃሪ ስቲንቦክ ነው። በ1924 ምግቡን ራሱን በጨረር ሲመታው፣ ምግቡ ሪኬትስን የሚከላከል ሆነ። ግኝቱን ለግል ጥቅሙ ሊሸጠው ይችል ነበር፤ ባለቤትነቱን ግን የዩኒቨርሲቲውን ምርምር ለሚደግፍ ድርጅት ሰጠው። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ወተት ቫይታሚን ዲ ተጨምሮበት መሸጥ ጀመረ፤ ጎባጣ እግርም ከመንገዱ እየጠፋ ሄደ።

ከቡችሎቹ እስከ ወተቱ ሃያ ዓመት እንኳ አልፈጀም። ወደ እኛ ስንመጣ ግን መንገዱ ረዘመ። በ1997 በታተመ ጥናት፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ 500 የሳንባ ምች የያዛቸው ልጆችና 500 ያልያዛቸው ልጆች ተመረመሩ። ከታመሙት ከመቶው 42ቱ ሪኬትስ ነበራቸው፤ ካልታመሙት ግን ከመቶው 4ቱ ብቻ። የጎድን አጥንቱ የለሰለሰ፣ ጡንቻው የዛለ ልጅ በደንብ መተንፈስና አክታውን ማስወጣት ይከብደዋል። ምች እንዳይመታው ከፀሐይ የሸሸግነው ልጅ ለሳንባ ምች ተጋለጠ ማለት ነው።

እናቱም አትረሳ። የጡት ወተት ቫይታሚን ዲው ጥቂት ነው፤ ቤት የምትውል እናት ደግሞ ለራሷም ያንሳታል። ባሕረ ሰላጤ አገሮች ከሰው ቤት ሳይወጡ የሚሠሩ እኅቶቻችንም እንዲሁ። አንዳንዱ ጥፋቱን ሒጃብ ላይ ይጥላል፤ አጥር ባለው ግቢ፣ ባዕድ በሌለበት ክንድን ለፀሐይ መስጠት ግን ማንም አልከለከለም። ለሕፃኑ የሚሰጥ የቫይታሚን ዲ ጠብታም አለ፤ መጠኑን ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

ባለፈው ጁሙዓ የልጁን አባት መስጂድ በር ላይ አግኝተን ይህን ሁሉ ነገርነው። ደስ አለው። “አያቱም እሺ ብለዋል፤ በየቀኑ መስኮቱ ሥር እናሞቀዋለን” አለን። መስኮቱ መስታወት እንዳለው ጠየቅነው። አለው። የሚፈለገውን ጨረር መስታወቱ እንደሚያስቀረው አስረዳነው፤ ለአያትየዋ መንገሩን ግን ለራሱ ተውንለት።