የዩብዶ ፕላቲኒየም የት ተወለደ?

በምዕራብ ወለጋ፣ በብርብር ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ዩብዶ የምትባል ቦታ አለች። ኢትዮጵያ በፕላቲኒየም ስሟ የተነሣው በእሷ ነው። ማዕድኑን በ1920ዎቹ አጋማሽ ያገኘው፣ በምኒልክ ዘመን መጥቶ ወርቅ ፍለጋ ወለጋን ሲያስስ የኖረው ጣሊያናዊ አልቤርቶ ፕራሶ ነው (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማምረት የተጀመረው በ1926 ነው፤ እነሆ አንድ ክፍለ ዘመን።

ጊዜው ለፕራሶ የተመቸ ነበር። የዓለምን ገበያ ይመግብ የነበረው የሩሲያው ኡራል በጦርነትና በአብዮት ተዳክሞ፣ የፕላቲኒየም ዋጋ ጣራ ነክቶ ነበር። የኡራልን ማዕድን አብጠርጥሮ የሚያውቀው የጄኔቫው ሊቅ ሉዊ ዱፓርክም የዩብዶን ድንጋይ መረመረ። በ1927 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ እዚያ ላገኙት በሲሊካ ለተሞላ ቡናማ አለት በወንዙ ስም «ብርብራይት» የሚል ስያሜ ሰጠው። ስሙ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

የዩብዶ መሠረት ዱናይት ነው፤ ከጥልቅ ቅልጥ አለት ተወልዶ ኦሊቪን በሚባል ማዕድን የተሞላ ከባድ አለት። ዝናብና ሙቀት ዘመናት ሲፈራረቁበት ከላይ ወደ ቀይ አፈር ተለወጠ። ሰዎች ሲያጥቡ የኖሩትም ይህንን አፈርና የወንዙን ጠጠር ነው። አፈሩ በገበቴ ውስጥ ከውሃ ጋር ሲወዛወዝ ቀላሉ ይፈሳል፣ ጥቁር አሸዋ ይቀራል። ጥቁሩን ማግኔት አብዛኛውን ይለቅመዋል። በመጨረሻ ከሥር የሚታዩት ግራጫ ቅንጣቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ።

ሊቃውንቱን ያከራከረው የእነዚህ ቅንጣቶች ትውልድ ነው። ግሪካዊው ጂኦሎጂስት አውጉስቲቲስ በ1960ዎቹ ባሳተማቸው ጥናቶች፣ ከቅንጣቶቹ ተለቅ ያሉት እንክብሎች እዚያው ቀዩ አፈር ውስጥ አደጉ አለ። በእርሱ አስተያየት ውሃ ፕላቲኒየሙን ከአለቱ አሟሟው፣ ኋላም አፈር ውስጥ እንደገና ረጋ። መላ ምቱ መሠረት አልነበረውም አይባልም፤ በዱናይቱ ውስጥ የሚታየው ፕላቲኒየም ደቃቅና ብርቅ ሆኖ ሳለ፣ አፈሩ ውስጥ ተለቅ ያለ እንክብል ይገኛል።

በ1981 ሉዊስ ካብሪና ባልደረቦቹ እንክብሎቹን ቆርጠው፣ አለስልሰው፣ በማይክሮስኮፕ አዩዋቸው። ከፕላቲኒየምና ከብረት ቅይጡ ውስጥ የኦስሚየምና የኢሪዲየም ቅንጣቶች ተሸጉጠው ተገኙ። እንዲህ ያለው ቅይጥ የቅልጥ አለት ሙቀት ሥራ ነው፤ በዝናብ ውሃ ይበጃል ብሎ መከራከር ያስቸግራል። ፕላቲኒየም ራሱ ናይትሪክና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ካልተቀላቀሉበት በቀር በቀላሉ የማይሟሟ ግትር ብረት ነው። የእንክብሎቹን ትልቅነትም ቢሆን ሌላ ነገር ያስረዳዋል፤ ብዙ አለት ተሸርሽሮ ሲያልቅ ከባዱና ትልቁ ቅንጣት እየተጠራቀመ መቅረቱ አይገርምም።

የቀረው ታሪክ አጭር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ቁፋሮው ቀጠለ፤ ከነጻነት በኋላም አንዴ እየነቃ አንዴ እያንቀላፋ ዘለቀ። ከ1926 ወዲህ የወጣው ሁሉ ቢደመር ጥቂት ቶን ነው። የፋብሪካ ወጉ ሲቋረጥ ገበቴው ግን ቀጠለ።

ዛሬ ፕላቲኒየም በብዛት የሚፈለገው የመኪና ጭስ ለሚያጣሩ መሣሪያዎች ነው። ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ መኪና ማስገባት ብትከለክልም፣ ብረቱ ለሃይድሮጅን ቴክኖሎጂም ስለሚፈለግ ገበያው ገና አልተዘጋም። የሊቃውንቱ ክርክር ለኪስም የሚተርፈው እዚህ ላይ ነው። ብረቱ አፈር ውስጥ ያደገ ከሆነ አፈሩ ታጥቦ ሲያልቅ ሀብቱም ያልቃል። ካብሪ ልክ ከሆነ ግን እናትየዋ ከታች ናት፤ ሆኖም አፈሩ ውስጥ ያለው ከብዙ አለት የተጠራቀመ ስለሆነ፣ የሚቀጥለው ፈቃድ ጠያቂ ገንዘቡን ዱናይቱን በመሰርሰር ላይ ከማዋሉ በፊት በዱናይቱ ውስጥ ያለው ደቃቅና ብርቅ መሆኑን ቢያስብበት ይሻለዋል።