አሥራ ሰባቱ ምልክቶች፦ ብርቅዬ አውቶሞቢሎችና የመዝገብ ችግራቸው

አውቶሞቢል በመሐንዲሱ ዘንድ የሞተር፣ የሻንሲ፣ የማርሽና የፍሬን ቅንጅት ነው። በሕግ ዘንድ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በመዝገብ ካልሰፈረ ታርጋ አይሰጥም፤ ታርጋ ከሌለው በመንገድ ላይ አይሄድም፤ ለመሸጥም ሆነ ለማውረስ ባለቤትነቱን ማስረዳት ያዳግታል። በአገራችንም ቢሆን ተሽከርካሪ ሲሸጥና ሲለወጥ በሊብሬ ላይ የተጻፈው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር የሚመሳከረው ስለዚህ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቁጥሩ እንዴት የአሁኑን መልክ እንደ ያዘ፣ በብዛት ለሚመረቱ መኪናዎች የተበጀው ሥርዓትም በጥቂቱ ብቻ የሚሠሩትን እጅግ ፈጣን አውቶሞቢሎች ባጋጠመ ጊዜ ምን ችግር እንደ ተነሣ ማሳየት ነው። ዘመናቱ በሙሉ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያዎቹ የአውቶሞቢል ዘመናት ቁጥር የፋብሪካው የቤት ጉዳይ ነበር። እያንዳንዱ ሠሪ በሻንሲው ወይም በሞተሩ ላይ በፈቀደው ቦታ፣ በፈቀደውም ርዝመት ይቀርጽ ነበር። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ከ1954 ጀምሮ መኪናዎቻቸውን በመለያ ቁጥር መመዝገብን ልማድ ቢያደርጉም አጻጻፉ ወጥ አልነበረም። ከ1969 መግቢያ ጀምሮ ቁጥሩ ከውጭ ሆኖ በመስተዋት በኩል እንዲነበብ የአሜሪካ መንግሥት ደነገገ። በ1970ዎቹ መጨረሻም ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በደረጃ ቁጥር 3779 የመለያውን አሠራር አወጣ። አሜሪካም ከ1981 ሞዴል ጀምሮ የ17 ምልክቶች መለያን ግዴታ አደረገች።

የአሥራ ሰባቱ ምልክቶች አደራደር የመሐንዲስ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሠሪውን፣ ቀጥለው የሚመጡት ስድስቱ የመኪናውን ዓይነት፣ የመጨረሻዎቹ ስምንቱ ደግሞ ያንኑ አንዱን መኪና ለይተው ያመለክታሉ። ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ በማሰብ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት ተወግደዋል። በሰሜን አሜሪካ ዘጠነኛው ቦታ ማረጋገጫ አኃዝ ነው። ይኸውም እያንዳንዱ ፊደል የቁጥር ዋጋ ይሰጠውና ምልክቶቹ በየቦታቸው በተወሰነላቸው ክብደት ተባዝተው ይደመራሉ፤ ድምሩ ለ11 ሲካፈል የሚተርፈው ቁጥር በዘጠነኛው ቦታ ይጻፋል፤ ቀሪው 10 ከሆነ ኤክስ የተባለው ፊደል ይገባል። በዚህ ዘዴ ጸሐፊው አንዱን አኃዝ በሌላ ቢለውጥ ስሕተቱ ወዲያው ይያዛል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በአውሮፓ ይህ ማረጋገጫ አኃዝ ግዴታ አልሆነም። የጀርመኑ ፖርሽ ለአውሮፓ ገበያ በሠራቸው መኪናዎች ላይ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ያሉትን ቦታዎችና ዘጠነኛውን ጭምር ዜድ በተባለው ፊደል ይሞላ ነበር። ፊደሉ ባዶ ቦታ ከመሙላት በቀር ትርጉም የለውም። ይሁን እንጂ በዘጠነኛው ቦታ ላይ አኃዝ ወይም ኤክስ ብቻ የሚጠብቅ የአሜሪካ መዝገብ ቁጥሩን እንደ ስሕተት ይቆጥረዋል። ቁጥሩ በሠሪው እጅ በትክክል የተቀረጸ ሲሆን፣ በውቅያኖሱ ማዶ ግን ሐሰተኛ መሰለ።

ሁለተኛው ችግር የምርት ማነስ ነው። ሦስት ምልክቶች ለዓለም ሠሪዎች ሁሉ ስለማይበቁ፣ በዓመት ከተወሰነ ቁጥር በታች ለሚያመርቱ ፋብሪካዎች ሦስተኛው ምልክት 9 እንዲሆን ተደረገ፤ የሠሪው ትክክለኛ ማንነትም ወደ 12ኛው፣ 13ኛውና 14ኛው ቦታ ተዛወረ። በፈረንሳይ አገር ይሠራ የነበረው ቡጋቲ ቬይሮን በዚህ ሥርዓት ቪ፣ ኤፍ፣ 9 ብሎ ይጀምርና ከ12ኛው ቦታ 795 ይላል። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምልክቶች ብቻ የሚያነብ መዝገብ ከ1000 በላይ የፈረስ ጉልበት ያለውን ይህን አውቶሞቢል ከማንኛውም የፈረንሳይ አነስተኛ የተሳቢ ሠሪ ሥራ ሊለየው አይችልም። ለመኪናው የራሱ ተራ የሚቀሩትም የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች ብቻ ናቸው።

የቁጥርና የመዝገብ ጉዳይ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ከፖርሽ 959 ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። መኪናው ባለ ሁለት ተርቦና ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሩ 450 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ፣ በአራቱም እግሩ የሚነዳ፣ የጎማውን ነፋስ ራሱ የሚቆጣጠር ሲሆን፣ በ1986 ከፓሪስ ዳካር የተደረገውን ውድድር አንደኛና ሁለተኛ ሆኖ ጨርሷል። በዘመኑ ከነበሩት የመንገድ መኪናዎች ሁሉ በቴክኒክ የላቀ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን አሜሪካ በ1966 ባወጣችው የተሽከርካሪ ደህንነት ሕግ መሠረት አንድ ዓይነት መኪና ለሽያጭ እንዲበቃ የግጭት መመዘኛዎችን ማሟላቱ መረጋገጥ ነበረበት። ፖርሽ በጥቂቱ የሠራውን ውድ መኪና ለሙከራ ለማጋጨት አልፈቀደም። በ1988 የወጣው ሕግም በግል የሚገቡትን መኪናዎች በተመዘገቡ አስመጪዎች እጅ ብቻ እንዲያልፉ፣ የዋጋቸውም 150 በመቶ ማስያዣ እንዲቀርብላቸው አደረገ፤ 25 ዓመት የሞላቸው ብቻ ከግዴታው ነፃ ሆኑ። ስለዚህ የማይክሮሶፍት መሥራች ቢል ጌትስ የገዙት 959 ከአሥር ዓመት በላይ በጉምሩክ መጋዘን ተቀመጠ። መኪናው አልተሰረቀም፣ አልተበላሸም፤ የጎደለው በሕግ የታወቀ ሰውነት ነበር።

መፍትሔው የመጣው በ1998 በወጣው ሕግና በ1999 በተከተለው ደንብ ነው። ደንቡ ከ500 ያልበለጡ የተሠሩና በታሪክ ወይም በቴክኒክ ልዩ ግምት የሚሰጣቸው አውቶሞቢሎች ለማሳያ እንዲገቡ፣ በመንገድም ላይ በ12 ወር ከ2500 ማይል ወይም ከ4000 ኪሎ ሜትር ያህል እንዳይበልጡ ፈቀደ። የአየር ብክለት ሕግ ግን አልተነሣም፤ ሞተሩ ያንን ማሟላት ነበረበት። የመለያውም ጥያቄ በብልሃት ተፈታ፤ በተመዘገበ አስመጪ ለሚገባ መኪና የመጀመሪያው ቁጥር እንደ ተቀረጸ ይቆያል፣ ለአሜሪካው መለያ ምትክ መሆኑን የሚገልጽ ሰሌዳም ይለጠፍበታል። የሠሪውን ቁጥር ፍቆ አዲስ መቅረጽ ታሪክን ማጥፋት መሆኑን ሕጉ ተረድቷል ማለት ነው። በ1988 የተሠሩትም በ2013 ሩብ ምዕት ዓመት ስለሞላቸው ከደህንነቱ ሕግ እገዳ ወጥተዋል።

ሆኖም ቁጥር ብቻውን ማንነትን ይወስናልን? ይህን ጥያቄ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በ1990 መርምሮታል። በ1929 እና በ1930 የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው፣ «አሮጌው ቁጥር አንድ» የተባለው ቤንትሌ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ለመሸጥ ውል ከተደረገ በኋላ፣ ገዢው ይህ ያ መኪና አይደለም ሲል ተከራከረ። መኪናው በየጊዜው ታድሷል፤ በ1932 በብሩክላንድስ የመኪና መወዳደሪያ ከደረሰበት አደጋ በኋላም እንደገና ተሠርቷል፤ ከድል ዘመኑ የተረፈው ብረት ጥቂት ነበር። ዳኛው ኦተን ግን ታሪኩ ሳይቋረጥ መቀጠሉን፣ ስሙን በሕጋዊ መንገድ ሊጠይቅ የሚችል ሌላ መኪና አለመኖሩን አይተው ለሻጩ ፈረዱ። ማንነት የተገኘው ከብረቱም ከቁጥሩም በላይ ከተያያዘው የሥራ መዝገብ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንወስደው ቁም ነገር ለእኛ ለመሐንዲሶች የቀረበ ነው። የመለያ ደረጃ የሚያወጡ ሰዎች ስለ ብዙኃኑ ማሰባቸው ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን የሥርዓት ብቃት የሚፈተነው በዳር ባለው ጥቂት ነገር ነው። በየወርክሾፑ ሻንሲ የሚቀይር፣ ሞተር የሚያዛውር፣ አካል የሚቀጥል ባለሙያ የሠራውን በቀንና በፊርማ ካልመዘገበ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ባለንብረት እውነተኛ ንብረቱን ይዞ እንደ ሌባ ሊጠረጠር ይችላል። በብረት ላይ የሚቀረጸው ቁጥር የመሐንዲሱ ቃል ነው፤ ቃሉን የሚያጸናው ደግሞ በወረቀት ላይ የሚጠበቀው ታሪክ ነው።