የእንባ ምርመራ እና የኬራቶኮነስ የዓይን ሕመም ደረጃ

ኬራቶኮነስ የዓይን የፊት ለፊት ግልጽ ሽፋን (ኮርኒያ) ቀስ በቀስ እየሳሳ የሾጣጣ ቅርጽ የሚይዝበት ሕመም ነው። አብዛኛውን ጊዜ በጉርምስና ዕድሜ የሚጀምር ሲሆን፣ ለዓመታት ሊባባስ ይችላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በጊዜ ከታወቀ መግታት ይቻላል፤ ከዘገየ ግን ሕክምናው እየከበደና እየተወሳሰበ ይሄዳል።

የሕመሙ ምልክቶች

• የዕይታ መደብዘዝ ወይም የነገሮች መዛባትና መደራረብ
• የመነጽር ቁጥር በአጭር ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ መለወጥ
• በመነጽርም ቢሆን ጥርት ያለ ዕይታ አለማግኘት
• በብርሃን መቸገር፣ በተለይም በምሽት በመብራት ዙሪያ ጮራ ማየት
• የዓይን ማሳከክና ዓይንን አዘውትሮ የማሸት ልማድ

በእንባ ውስጥ የሚገኙ ጠቋሚዎች

በአንድ ዓይን ላይ በአንድ ጊዜ የሚገኘው እንባ 7 ማይክሮሊትር ገደማ ነው፤ ይህም ከአንድ ጠብታ ያነሰ መጠን ነው። ይሁን እንጂ እንባ ዓይንን ከማርጠብ ባለፈ፣ በኮርኒያ ላይ የሚካሄደውን ለውጥ የሚጠቁሙ በርካታ ፕሮቲኖችን ይይዛል። እነዚህ ጠቋሚዎች ባዮማርከር ይባላሉ።

ኬራቶኮነስ ባለባቸው ሰዎች እንባ ላይ በተካሄዱ ጥናቶች፣ ኢንተርሊውኪን-6 እና ቲኤንኤፍ-አልፋ የተባሉት የብግነት ጠቋሚዎች እንዲሁም ኤምኤምፒ-9 የተባለው ኢንዛይም ከጤናማ ሰዎች በላቀ መጠን ተገኝተዋል። ኤምኤምፒ-9 ሕብረ ሕዋስን የሚሰብር ኢንዛይም ነው። ኮርኒያ ጥንካሬውን የሚያገኘው ኮላጅን ከተባለ ፕሮቲን በመሆኑ፣ የእንዲህ ዓይነት ኢንዛይሞች መብዛት ከኮርኒያው መዳከም ጋር ይያያዛል። ዓይንን ማሸት በራሱ የብግነት ጠቋሚዎችን መጠን በእንባ ውስጥ እንደሚጨምርም ታይቷል።

የሕመሙ ደረጃ የሚለካበት መንገድ

የኬራቶኮነስ ደረጃ የሚወሰነው የኮርኒያን ቅርጽና ውፍረት በሚለኩ መሣሪያዎች ነው። የጤናማ ኮርኒያ መካከለኛ ክፍል ውፍረት በአማካይ 0.54 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በሰፊው ከሚሠራባቸው አመዳደቦች አንዱ ሕመሙን በ4 ደረጃዎች ይከፍለዋል። በመጀመሪያው ደረጃ የኮርኒያው ጉብታ በአማካይ ከ48 ዳዮፕተር አይበልጥም፤ በአራተኛው ደረጃ ከ55 ዳዮፕተር በላይ ሲሆን፣ በኮርኒያው መካከል ጠባሳ ሊኖር ይችላል።

የእንባ ምርመራ ይህን ልኬት አይተካም። የእንባ ጠቋሚዎች በአለርጂ፣ በዓይን ድርቀት ወይም በኮንታክት ሌንስ አጠቃቀም ምክንያትም ሊጨምሩ ይችላሉ። በሌሎች አገሮች ኤምኤምፒ-9ን በደቂቃዎች ውስጥ የሚለይ ፈጣን ምርመራ ቢኖርም፣ የተዘጋጀው ለዓይን ድርቀት ሕመም ነው። አንዳንድ ጥናቶች የጠቋሚዎቹ መጠን ከሕመሙ ክብደት ጋር አብሮ እንደሚጨምር ሲያሳዩ፣ ሌሎች ግን ተመሳሳይ ውጤት አላገኙም። ስለዚህ የእንባ ምርመራ አለመደረጉ ሕክምናን ለማዘግየት ምክንያት አይሆንም።

ሕክምና

በመጀመሪያ ደረጃ ላይ መነጽር፣ ቀጥሎም ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ ዕይታን ያሻሽላሉ፤ ነገር ግን የሕመሙን መባባስ አያቆሙም። መባባሱን ለመግታት የሚሰጠው ሕክምና ክሮስሊንኪንግ ይባላል። በዚህ ሕክምና ሪቦፍላቪን (ቫይታሚን ቢ2) በዓይን ላይ ከተንጠባጠበ በኋላ በተመጠነ አልትራቫዮሌት ጨረር ኮርኒያው እንዲጠነክር ይደረጋል። በተለመደው አሠራር ሕክምናውን በደኅና ለመስጠት የላይኛው ስስ ሽፋን ከተነሣ በኋላ ቢያንስ 0.4 ሚሊ ሜትር የኮርኒያ ውፍረት ያስፈልጋል። ኮርኒያው ከዚህ በታች ሲሳሳ የሕክምናው ምርጫ እየጠበበ ይሄዳል። ጠባሳ የያዘ ወይም እጅግ የሳሳ ኮርኒያ በለጋሽ ኮርኒያ እስከ መተካት ሊያደርስ ይችላል። ንቅለ ተከላው የሚወሰነው ሰዎች ከሕልፈታቸው በኋላ የዓይን ብሌናቸው እንዲወሰድ በሚሰጡት ፈቃድ ላይ ነው።

አገልግሎት ለማግኘት

1. ምልክቱ የታየበት ሰው በቅድሚያ በአቅራቢያው በሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም የዓይን ሕክምና ክፍል ባለው ሆስፒታል የዕይታ ምርመራ ማድረግ ይኖርበታል።
2. ኬራቶኮነስ ከተጠረጠረ ታካሚው የሪፈራል ወረቀት ይዞ ወደ ዓይን ስፔሻሊስት ይላካል። የጤና መድን አባላት የአባልነት መታወቂያቸውን መያዝና የሪፈራል ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ይገባቸዋል።
3. ቀደም ሲል የታዘዙ የመነጽር ወረቀቶችንና የምርመራ ውጤቶችን ይዞ መቅረብ ለውጡን ለማነጻጸር ይረዳል።
4. ታካሚው ኮንታክት ሌንስ የሚጠቀም ከሆነ ከልኬቱ በፊት ለምን ያህል ጊዜ ማውለቅ እንዳለበት አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል።
5. በቤተሰብ ውስጥ ሕመሙ ያለበት ሰው ካለ ልጆችና ወንድም እኅቶችም እንዲመረመሩ ይመከራል።

ጥንቃቄ

ዓይን ሲያሳክክ ማሸት ሕመሙን ሊያባብስ ስለሚችል፣ ወላጆች ዓይናቸውን አዘውትረው የሚያሹ ልጆችን ለአለርጂ ሕክምና ማቅረብ ይኖርባቸዋል። እንደ ዴክሳሜታዞን ያሉ ስቴሮይድነት ያላቸው የዓይን ጠብታዎችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጠቀም የዓይን ግፊትን በመጨመር ግላኮማን፣ እንዲሁም የዓይን ሞራን ሊያስከትል ይችላል። ዕይታ በድንገት ከቀነሰና ዓይን ከቀላ ወይም ከባድ ሕመም ከተሰማ፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዕለቱ ወደ ሕክምና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።